አንድ ወንበር ለሁለት

መስከረም 14

እታለም፣

ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። «በሕይወት ካለህ ጻፍ፤ ከሌለህም አስጽፍ» ያልሽው ሲያስቀኝ ዋለ። አለሁ። ክረምቱን በሙሉ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። ታመምኩ ብዬ ብጽፍ ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ እንደምትነሺ ስለማውቅ ነው። አሁን እነግርሻለሁ፤ ሻንጣውን ግን አትንኪው።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልነሣ ስል ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪም ቤት ጥቂት ሰነበትኩ። እግሬም አፌም ተመልሰውልኛል፤ አፌማ እንደምታውቂው ነው። እጄ ግን ደከም ብሏል። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንዲት ባለሙያ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እንደ ሕፃን ታሠራኛለች። «ይመለሳል?» ስላት «እንሠራለን» ትለኛለች። እኔም ለደካማ ተማሪዎች የምሰጠው መልስ ስለሆነ ትርጉሙን ዐውቀዋለሁ።

በመኪና ስለጻፍኩልሽም አትቀየሚኝ። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ኮምፒውተር ሲገባላት የጣለችው የጽሕፈት መኪና ነው። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለግኩ ነው የምጽፈው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሻል። ትምህርት ተጀምሯል፤ እኔ ግን እስካሁን አንድ ተማሪ አልያዝኩም። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ፣ ከልምምድ ክፍሎቹ ግድግዳና ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ አልፎ የሚመጣውን ስሕተት እያዳመጥኩ እውላለሁ። ዳይሬክተሯ ጃዝ ያስተማርኩበትን ሠላሳ ዓመት ምክንያት አድርጋ በግንቦት ዝግጅት ልታደርግልኝ ትፈልጋለች። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አንድ ወንበር»ን ራሴ እንድጫወትላቸው። ያን ሁሉ ዜማ ደርሼ ሰው የሚያስታውሰው በልጅነታችን ሁለታችን የሠራነውን መሆኑ ይገርመኛል። እናስብበት አልኳት። ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ የሥራ መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ። የማይጫወት የፒያኖ አስተማሪ ምን ይሠራል?

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የ«አንድ ወንበር» ባስ መሐሉ ላይ እንዴት ነበር የሚሄደው? ዕድሜ ልኬን ባስ የሚመታ ሰው ከጎኔ እያቆምኩ ስለተጫወትኩት የአንቺን ግማሽ በደንብ አላውቀውም። ለተማሪዎቹ ጽፌ ላስቀምጥላቸው ፈልጌ ነው።

ድንቢጥሽ

*

መስከረም 29

ድንቢጤ፣

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ። ወንድሜ ሐምሌ ላይ ታሞ እኔ በመስከረም ልስማ? ምን ያህል እንዳለቀስኩ አልነግርህም። ዝም አይነቅዝም፤ አንተም ዝም ብለኸኝ የለ። ስልክ ላይ ጆሮዬ ጩኸት እንጂ ቃል እንደማይሰማ ባታውቅ ኖሮ ይሄኔ ትደውልና በሳቅ ታታልለኝ ነበር። ሻንጣዬን አልነካሁትም። አጠገቡ ግን ቆሜያለሁ።

የትኛው እጅህ እንደሆነ አልጻፍክልኝም፤ እኔ ግን ደብዳቤህን ሳልጨርስ ዐወቅሁት። ግራህ ነው። የእኔን ባስ የምትጠይቀኝ ሌላ ሰው ተክቶህ እንዲጫወተው ብለህ ነው። ድሮም ሰነፍ ነበረች። ደግሞ ምን ታድርግ፣ ሥራዋ እኔን መያዝ ነበር።

ትዝ ይልሃል? አባታችን የሚጠብቀው ሆቴል አዲስ ፒያኖ ሲያስመጣ አሮጌውን ከነወንበሩ ሰጡት። ወንበሩ የአንድ ሰው፣ እኛ ሁለት። ጠብ ሲበዛ እናታችን እጇን እያደራረቀች መጣችና የፒያኖው መክደኛ የሚቆለፍበትን ቀዳዳ በጣቷ ነካች። «ከዚህ ወደ ግራ የሷ፤ ከዚህ ወደ ቀኝ የሱ። ድንበር የጣሰ ዛሬ አይጫወትም» አለች። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የለም። እኔ በግራዬ ወፍራሙን ድምፅ እመታለሁ፤ አንተ ጫፉ ላይ ተንጠልጥለህ በቀኝህ ቀጭኑን ታዘፍነዋለህ፣ እንዳትወድቅ በግራህ የቀሚሴን ቀበቶ ከኋላ ጨብጠህ። ደስ ያለህ ቀን ትስበውና ይበጠሳል። መርፌ መጀመሪያ የያዝኩት ያን ቀበቶ ልሰፋ ነው። ሙያዬን ያገኘሁት ከግራ እጅህ ነውና አደራ፣ አሳክማት።

ፒያኖው አለ። የስፌት ክፍሌ ውስጥ ገበርና ዚፕ ተሸክሞ ይኖራል። ጨርቁን ገፋ አድርጌ ባሱን ሞከርኩልህ። ጣቴ አልረሳም። መሐሉ ላይ የሚሄደው፣ ቬሎ ስሰፋ መርፌዋን ሁለት ወደ ፊት ሰድጄ አንድ ወደ ኋላ እንደምመልሳት ነው። ሁለት የፒያኖ ጥርስ ወደ ቀኝ ትሄዳለህ፣ አንድ ወደ ኋላ ትመለሳለህ፤ ቀዳዳው ጋ ስትደርስ ታጥፋለህ። ክሩን ሳትወጥረው። ከታች የሚኖረው ጡረተኛ ሾፌር ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበብኝ፤ እኔም አንድ ዙር ጨመርኩለት።

መልቀቂያ የምትለዋን ወረቀት ግን ካለችበት አታንቀሳቅሳት። ልምጣ?

እህትህ

*

ኅዳር 11

እታለም፣

አትምጪ። የማይመችሽ ሆኖ ሳይሆን ቤቴ ለእንግዳ አይሆንም፤ ወዲያ ወዲህ የወደቀ ነገር በዝቷል።

ማን ያበስልለታል ብለሽ እንዳትጨነቂ፣ ከበሮ መቺው አለልኝ። ወጣት ሳለን በየሆቴሉ አብሮኝ ሲዞር የነበረው፣ አንቺ «ያ ጯሂ» የምትይው። ማንኪያና ድስት ሲያገኝ እጁ አርፎ ስለማይቀመጥ ወጡ ሳይደርስ ኮንሰርቱ ያልቃል። ሸሚዜንም እሱ ነው የሚቆልፍልኝ። ሽማግሌ ሽማግሌን ሲያለብስ ብታዪ ትስቂ ነበር።

ስለ እጄ የጻፍሽውን አነበብኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ባሱን ከሥራ ስመለስ ቤቴ ሆኜ እሞክረዋለሁ። ሁለት ወደ ፊት አንድ ወደ ኋላ ማለትሽ ወዲያው ገባኝ። ክሩን አትወጥረው ያልሽው ግን ገና ነው፤ እወጥረዋለሁ።

እንዴት እንደማስተምር ነግሬሽ አላውቅም። ብዙ አላወራም። ተማሪው በግራ ይቀመጣል፣ እኔ በቀኝ። እሱ ባሱን ይይዛል፣ እኔ ዜማውን። እንዳይወድቅ እሱን ብቻ እያየሁ አብሬው እሄዳለሁ። ሲበረታ ጥዬው እነሣለሁ፤ ብዙ ጊዜ መነሣቴን አያውቅም። ሌላ ዘዴ የለኝም። ከአንቺ የለመድኩት ይህንኑ ነው። አሁን ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ የማደርገው ነገር ስለሌለኝ አልቀመጥም።

ዳይሬክተሯ አንድ ሐሳብ አመጣች። ከተማሪዎቼ የበረታችው ልጅ የታመመውን እጄን ድርሻ ትጫወት፣ አንተ በደህናው አብረሃት ሁን አለችኝ። እምቢ አልኩ። ልጅቷ ከእኔ አሳምራ ትጫወተዋለች፤ ችግሩም እሱ ነው። ዓይኔ እያየ የሰው እጅ የእኔን ሥራ ሲሠራ ማየት አልችልም። ሆዴ ጠቦ ነው፤ ታዘቢኝ።

ሙዚቃ ትምህርት ቤት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው ሲሉን እኔ ገብቼ አንቺ መቅረትሽ፣ ይቆጭሽ ነበር? ይህን ሳልጠይቅሽ ዕድሜያችን አለቀ።

ድንቢጥሽ

*

ጥር 6

ድንቢጤ፣

ጥያቄህ ገረመኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሆድህ ይዘኸው ኖረሃል? አይቆጨኝም። ቬሎ ያልቃል። የመጨረሻዋን ክር በጥርሴ በጥሼ እሰጣታለሁ፣ ልጅቱ ለብሳው ከበሬ ወጥታ ትሄዳለች። የአንተ ሥራ አያልቅም፤ አንዱን ዜማ ፀጉርህ እስኪነጣ ተጫውተኸው ገና ነው ትላለህ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ጠባይ አይሆንም። ካልክስ የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ አብረን አለመቀመጣችን።

ስለዚህ እመጣለሁ። ቤቱ ለእንግዳ አይሆንም አልክ፤ እንግዳ ማን ነው?

የፒያኖውን ጨርቅ በሙሉ አንሥቼ ጠረጴዛ ላይ ቆልያለሁ። ቃኚ አስጠርቼ ቃኘልኝ። ከሆዱ ሦስት መርፌና አንድ የጣት ቆብ አውጥቶ፣ «እናቴ፣ ይሄ ፒያኖ ነው ወይስ የመርፌ ትራስ?» አለኝ። በየቀኑ መቀሱን ካስቀመጥኩ በኋላ ባሴን እለማመዳለሁ። አሁን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳልቆም እሄዳለሁ። ሾፌሩ መደብደቡን አልተወም፤ በባሴ ልክ መደብደብ ግን ጀምሯል።

የግንቦት የአውቶቡስ ትኬቴን ቆርጫለሁ። የተማሪዋን ነገር እምቢ ማለትህን አልታዘብህም፤ የሰው እጅ ነውና። የእኔ ግን የሰው እጅ አይደለም። ለዳይሬክተሯ እሺ በላት። አንተ ቀኝህን ይዘህ ወንበሩ ላይ ቁጭ በል፤ ግራህን እኔ እሆንልሃለሁ።

እህትህ

*

ጥር 27

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ጣልኩት። ትኬቱን ባትቆርጪ ኖሮ አሁንም ዝም እል ነበር።

ቀኙ ነው።

የታመመው ቀኝ እጄ ነው። ግራዬ ደህና ናት። ከመስከረም ጀምሮ የላክሁልሽን ሁሉ የጻፍኩት በግራ ጣቴ ነው። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው ያሉኝ። ደከም ብሏል ማለቴም ውሸት ነበር፤ ከትከሻዬ የተንጠለጠለ ነገር ሆኗል። ጠዋት እጅጌ ውስጥ የማስገባው በሌላው እጄ ይዤ ነው። የምታሠራኝ ባለሙያ ሰሞኑን ስለ ጣቶቼ ማውራት ትታ ስለ ትከሻዬ ብቻ ማውራት ጀምራለች። እኔም አልጠየቅኳትም።

ለምን ደበቅኸኝ ትይኛለሽ። መጀመሪያ እንዳትደነግጪ ብዬ ነበር። በኋላ ግን አንቺ «ግራህ ነው» ብለሽ ጻፍሽ። በዚያ ወረቀት ላይ ቀኝ እጄ ደህና ነበር። በዓለም ላይ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሰው ዘንድ፣ አሁንም እጫወት ነበር። እያነበብኩት ደስ ይለኝ ነበር፤ ማፍረስ አቃተኝ።

ባሱንም ለተማሪዎች ብዬ አልነበረም የጠየቅኩሽ። የቀረችልኝ ግራዬ ናት፤ እሷ የምትሠራው ነገር ልስጣት ብዬ ነው። እና ይኸው እኔ እዚህ ባስሽን ሳጠና፣ አንቺም እዚያ ባስሽን ስታጠኚ ከረምን። ሁለታችንም አንዱን ግማሽ ይዘን ዜማውን የያዘው የለም። እናታችን ብትኖር ፍርዱ ይቸግራት ነበር።

ትኬቱን መልሺው። የመልቀቂያዋን ወረቀት የሚቀጥለው ሴሚስተር ሲጀመር አስገባታለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ድንቢጥሽ

*

የካቲት 9

ድንቢጤ፣

ትኬቴን አልመልስም።

መጀመሪያ ተናደድኩብህ። አንዲት ሙሽራ ልትለካ መጥታ ፊቴን አይታ ሌላ ቀን ልምጣ አለችኝ። ከዚያ አለቀስኩ፤ እኔን ያድርገኝ፣ በአንድ ጣትህ ያን ሁሉ ፊደል እየለቀምክ ስትጽፍልኝ በዓይኔ መጣህ። ከዚያ ደግሞ ይቅር በለኝና ሳቅኩ። ሁለት ያረጁ ሰዎች በሁለት ከተማ ተቀምጠው አንድ ባስ ሲያጠኑ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉሃል ይሄ ነው። «ሳልጨርስ ዐወቅሁት» ብዬ የተኩራራሁት እኔ ነኝ፤ ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው። በግማሽ ማካፈል ለእኛ አዲስ አይደለም።

ያቺን እጅ ግን «የተንጠለጠለ ነገር» አትበላት። ስንት ሰው ያስለቀሰች እጅ ናት። ደክማ ተኛች በላት።

አሁን ስማኝ። የማይጫወት አስተማሪ ምን ይሠራል ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያስተምራል እንጂ ምን ይሠራል? እኔን አስተምረኝ። ዜማውን፣ ከቀዳዳው ወደ ቀኝ ያለውን፣ በደብዳቤ። በስድሳ ስምንት ዓመቴ ያንን ድንበር አንድ ቀን ጥሼ አላውቅም። ብታምንም ባታምንም ትናንት ጥርሶቹን ስወለውል እንኳ ቀዳዳው ጋ ስደርስ እጄ ቀጥ አለ፤ እናታችን ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ። ኋላ ግን ይቅርታ ጠይቄያት ተሻገርኩ።

ጥሩ ተማሪ አልሆንልህም፤ እሱ ያንተ ችግር ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም፣ እውነት ነው። ሁለተኛውን ከእህት መዋስ ግን ነውር አይደለም። ለደካማ ተማሪ «እንሠራለን» ነው የምትለው አይደል? በለኝ እንግዲህ።

እህትህ

*

የካቲት 25

እታለም፣

እንሠራለን።

ለዳይሬክተሯም እሺ ብያታለሁ። የመጀመሪያ ትምህርትሽ ይኸውልሽ። ሳምንቱን ሙሉ ፒያኖውን አትንኪው። ዜማውን ጨርቅ እየቆረጥሽ አንጎራጉሪውና የት የት ላይ እንደምትተነፍሺ አስተውዪ። በተነፈስሽበት ሁሉ እጅሽ ይነሣል። ተማሪዎቼ ይህን ለመረዳት ዓመት ይፈጅባቸዋል፤ ፒያኖ ሳይተነፍሱበትም ስለሚጮህ።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በጃዝ ዜማው ከባሱ ጥቂት ወደ ኋላ ይላል። አይጠፋም፣ አይቸኩልም፣ ይዘገያል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ አንቺ ቦርሳሽን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ትሄጂ ነበር፤ እኔ ጠጠር እየለቀምኩ፣ አጥር እየነካሁ ከኋላሽ እንዘላዘላለሁ። ዞረሽ አታይኝም፤ ግን በር ላይ ሁልጊዜ አብረን ነው የምንደርሰው። ባስ አንቺ ነበርሽ፣ ዜማው እኔ። አሁን አንቺ ጠጠር ልቀሚ። እኔ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ፤ ዞሬ አላይሽም።

የሙዚቃ ወረቀት ስለማታነቢ በፊደል ጽፌልሻለሁ። ከቀዳዳው ወደ ቀኝ የመጀመሪያው ነጭ ጥርስ «ሀ» ነው፣ ቀጣዩ «ለ»፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ጥቁሩን ስትፈልጊ ከፊደሉ አናት ላይ ነጥብ አለ። እንዲህ ያለ ማስታወሻ በዓለም ላይ ከአንቺ በቀር ማንም የለውም።

ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት የልምምድ ክፍሎቹ ወዳሉበት ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። አንዲት አዲስ ተማሪ ብቻዋን ከዜማ ጋር ትታገል ነበር። ወደ ቀኝ ጠጋ በዪልኝ አልኳትና በግራዋ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ በኩል ተቀምጬ አላውቅም። ባሷን ያዝኩላት። ሁለት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ጥቂት ከሄድን በኋላ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች። የመልቀቂያዋ ወረቀት አሁንም መሳቢያው ውስጥ ናት፤ አላስገባኋትም፣ አልቀደድኳትምም።

ድንቢጥሽ

*

ሚያዝያ 3

ድንቢጤ፣

ሰው እንዴት ቀስ ማለት ያቅተዋል? አርባ ዓመት ሙሉ ለሠርግ ቀን ልብስ ሳደርስ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ መዘግየት ለእኔ ኀጢአት ነበር። ዜማው ሁልጊዜ ከባሱ ቀድሞ በር ላይ ይቆምና እኔን ይጠብቃል። ትናንት ግን አንዴ ብቻ፣ መቀሱን የት እንዳኖርኩት እያሰብኩ ስጫወት፣ ዘገየሁ። ያልከው ነገር ያኔ ገባኝ። ደስ ብሎኝ ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ቆምኩ።

ሾፌሩ ተለውጧል። ባሱን ስመታ ጣሪያ የሚደበድበው ሰውዬ ዜማ ከጀመርኩ ወዲህ ድምፁ የለም። ማክሰኞ ሥራ በዝቶብኝ ሳልጫወት ብቀር ማታ ላይ ጣሪያውን ቆረቆረ። በማግስቱ ደረጃ ላይ አግኝቶኝ ትናንት ምነው አመመዎት አለኝ። አንድ አድማጭ አለን ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅህ። መሐል ላይ ጽሑፍህ ያልቅና ባዶ መስመር ትተህልኛል። ረስተኸው ነው ወይስ አንተ ሁልጊዜ የልብህን የምትጫወትባት ቦታ ናት? እዚያ ምን ልበል? ደግሞም ከዝግጅቱ በፊት ልብስ ልሰፋ ነውና ንገረኝ፤ ስንቀመጥ ቀኝ እጅህን የት ነው የምታኖረው?

እህትህ

*

ሚያዝያ 21

እታለም፣

ባዶውን አልረሳሁትም። የእኔን ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ ግን የእኔን ስትጫወቺ ብሰማ የሰው እጅ ይሆንብኛል። የራስሽን በዪ። ሰው ሲያወራሽ መልስ አታጪም፣ ከሾፌሩ ጀምሮ ምስክር አለኝ። ባሱ ይጠይቅሻል፤ አንቺ መልሺ።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ባትጠይቂኝ ደስ ይለኝ ነበር። ባለሙያዋ በጨርቅ አንገቴ ላይ አንጠልጥለው ትለኛለች። በዚያ ሁኔታ መድረክ ላይ አልወጣም፤ ሰው ሙዚቃውን ትቶ ጨርቁን ያያል። ጭኔ ላይ ሳኖረው ባሱ ሲሞቅ እየተንሸራተተ ወደ ጎን ይወድቃል። ትናንት ልምምድ ላይ ወደቀና ክብደቱ እኔንም ሊጥለኝ ነበር። ከበሮ መቺው በትከሻዬ ያዘኝ። ተማሪዎቹ ያላዩ መስለው ወረቀታቸውን ገለጡ፤ እሱ ነው የባሰ ያመመኝ።

እታለም፣ በዚህ ዕድሜዬ ሕዝብ ፊት ከወንበር መውደቅን ፈራሁ። ባሱን ዐውቀዋለሁ፤ አንቺም ዜማውን እንደያዝሽ ይታወቀኛል። ግን ለዚህች አንድ ነገር ስል ልተወው ነው። ለዳይሬክተሯ ሰኞ እነግራታለሁ ብያለሁ። የመልቀቂያዋንም ወረቀት አብሬ። እስከ ሰኞ የአንቺን መልስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አልችልም።

ድንቢጥሽ

*

ሚያዝያ 26

ድንቢጤ፣

ይህን ደብዳቤ ከከተማ ከተማ አውቶቡስ የሚነዳው የታችኛው ሾፌር ልጅ በእጁ ያደርስልሃል። ከሰኞ በፊት እንዲደርስልህ አባትየው በአንድ ቃል አዘዘው፤ ድብደባው ሁሉ ተካሰልኝ።

ለዳይሬክተሯ ምንም አትንገራት። ያቺን ወረቀትም አትስጣት፤ ይዘሃት ጠብቀኝ። ጥሩ ደረቅ ወረቀት ትመስለኛለች፤ ለልጆች ቀሚስ የአንገት ልክ እቆርጥባታለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ። ወንበራችን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ይጫናል። አዎ፣ የድሮውን ነው ያልኩህ። የትምህርት ቤታችሁ ወንበር ሰፊና ምቹ ሳይሆን አይቀርም፤ እኛን የሚጥለን እሱ ነው። እኛ ሰፊ ወንበር ላይ መቀመጥ መቼ ለመድን? እግሩን አናጢ አጥብቆልኛል።

ባዶዋን ቦታ በየቀኑ የተለየ ነገር እላታለሁ። አንዳንድ ቀን እቆጣሃለሁ። አንዳንድ ቀን ስለ እናታችን እነግርሃለሁ። ያን ዕለት ምን እንደምልህ አላውቅም፤ አንተ ጠይቀኝ እንጂ እኔ መልስ አላጣም።

ለራሴ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። የሰው ቬሎ ስሰፋ ኖሬ ለራሴ እንዲህ ተጠንቅቄ ሰፍቼ አላውቅም። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ አታየውም፣ ዞረህ አታይማ። ቀበቶው ግን ሰፊ ነው። ውስጡን የሙሽራ ወገብ በሚይዘው ጠንካራ ጨርቅ ደርቤዋለሁ። ከኋላ፣ በግራ ጎኔ በኩል፣ እጅ የሚገባበት ቦታ ትቼለታለሁ፤ ልኩን የወሰድኩት ከድሮው ጓንትህ ነው፣ እዚህ ረስተኸው የሄድከው።

ስንቀመጥ አንተ በግራ ነህ፣ እኔ በቀኝ። መብራቱ ሳይበራ ቀኝ እጅህን አንሥቼ በወገቤ አዙሬ እዚያ አስገባዋለሁ። ሰው የሚያየው የእህቱን ወገብ ይዞ የሚጫወት ወንድም ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። አብረን ስንቀመጥ እኔን ሳትይዝ «አንድ ወንበር»ን ተጫውተህ አታውቅም፤ አሁንም አትጫወተውም።

አትፍራ። ድሮ በደስታ እየሳብክ የበጠስከውን ቀበቶ ሁሉ መልሼ ሰፍቼዋለሁ፤ ይህንን ግን እንዳይበጠስ አድርጌ ነው የሰፋሁት። እጅህ መያዝ ቢያቅታት፣ ቀበቶው ይይዛታል።

እህትህ